ለሳሙናው የተነገረ ወሬ

ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው የያዙኝ። ሁለት ሰዎች ስሜን ጠርተው "ውረጂ" አሉኝ፤ ወረድኩ። ሚኒባሱ ቦርሳዬን እንደያዘ ሄደ። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ከመንደራችን ተወስደው ያልተመለሱት ሰዎች የት ነው ያሉት ብዬ መጠየቄ ነው። እናቴ ድሮም "ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል" ትለኝ ነበር። ሠራኝ።

ያስገቡኝ ክፍል የቀድሞ መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። የቆርቆሮው ጣሪያ ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፣ ግድግዳው የበቆሎ አቧራ ይሸታል። የሴት እስረኞቹን ግቢ ለማየት በደረቴ ተኝቼ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አጮልቃለሁ። የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። ሂና የተቀባ፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ያላትን አሮጊት፣ አንዱ ነጠላ ጫማዋ በሽቦ የታሰረውን ሴት፣ ሁሉንም በእግራቸው አወቅኳቸው።

አልደበደቡኝም፤ ውሸት አልናገርም። ያደረጉት አንድ ነገር ነው። ለሴቶቹ "ከእሷ ጋር ያወራች ጠያቂ አይገባላትም" አሏቸው። እስረኛ ደግሞ ከጠያቂ በላይ ምን አለው? ሽንት ቤት ስሄድ ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ልጆቻቸውን የሚያዩት በሳምንት አንዴ ነው። ጠባቂዋን "እኔስ ጠያቂ የለኝም?" ስላት "ማንም አልመጣም። ረስተውሻል" ትለኛለች። ሁለት ወር ተኩል እንዲህ አለፈ። መጀመሪያ አላመንኳትም። በኋላ አመንኳት፤ እናቴንም ጭምር ተቀየምኳት። ያ ቅያሜ ከክፍሉ ሙቀት ይብስ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና "ነይ ውጪ፣ ሥራ አለ" ተባልኩ።

ሴቶቹ ለግቢው የልብስ ሳሙና ይሠራሉ። የምታማስለው ወጣት ወባ ጥሏት ተኝታለች። የሥራው አለቃ ያቺ ባለ ሂናዋ አሮጊት ናት፤ የበርታ ሰው፣ ሁሉም "ሐቦባ" ይሏታል፣ አያት እንደማለት። በአማርኛዋ ሴትና ወንድ የሚባል የለም፤ ሁላችንም "አንተ" ነን።

"ይሄ ልጅ ስጠኝ፣ ክንዱ ጠንካራ ነው" ብላ ጠባቂዋን የለመነቻት እሷ ናት። ክንዴን መቼ እንዳየችው እንጃ!

ወትሮ የሚሠሩት በሰሊጥ ዘይት ነበር። ያን ሰሞን ግን ከከተማ የአንድ ሱቅ የኮኮናት ዘይት፣ ለፀጉር የሚሸጠው፣ ጊዜው አልፎበት በጀሪካን ተሰጣቸው። በጠዋቱ ብርድ ረግቶ እንደ ሞራ ነጭ ሆኗል። ፀሐይ ላይ አቅልጠን ባልዲ ውስጥ ገለበጥነው። ግቢው በሙሉ ፀጉር ቤት ፀጉር ቤት ሸተተ። ሐቦባ ፊቷን አዙራ በውኃ የበጠበጠችውን ኮስቲክ ሶዳ ቀስ እያለች ጨመረችበት፣ ዱላውንም ለእኔ ሰጠችኝ።

"አማስል። ወደ አንድ ጎን ብቻ። አትቁም።" ከዚያ ወደ ጠባቂዋ ዞረች። "እኛ ቤት የሚያማስል ሰው ዝም አይባልም። ሰው አጠገቡ ያወራል። ዝም ከተባለ ይደክማል፣ ይቆማል፣ ሳቡን ይበላሻል።"

"ከእሷ ጋር ማውራት ክልክል ነው አላልኩም?" አለች ጠባቂዋ።

"ከእሱ ማን አወራ? ከሳቡን ነው የምናወራ።"

ጠባቂዋ ሳቋ አመለጣት። "ከሳሙናው ጋር እንደፈለጋችሁ" ብላ ማንጎው ጥላ ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

ነጠላ ጫማዋን በሽቦ ያሰረችው የባምባሲዋ ሴት ባልዲው ላይ ጎንበስ አለች። "አንቺ ሳሙና፣ እንዴት አደርሽ?"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ ዘይቱን እያየሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ልጆች አሉሽ?"

"የሉኝም።"

"ባልስ?"

"እሱንም እግዜር ይወቀው።" ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ዱላውን ግን አላቆምኩም።

ሐቦባ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት ልትታጠብ ተነሳች። "ዱላው በሄደበት መስመር ከቀረ ጥራኝ" አለችኝ። "ሐላስ፣ አልቋል ማለት ነው፤ መቅረጫው ሳጥን ላይ እንገለብጣለን።" የሰሊጡ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት የሚያስማስል ስለነበር አልቸኮለችም። የኮኮናትን ዘይት ጠባይ ማናችንም አናውቅም።

እሷ እንደሄደች የባምባሲዋ ድምፅዋን ቀነሰች። የዋናውን በር አካባቢ የምትጠርገው እሷ ናት።

"አንቺ ሳሙና፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እሁድ እሁድ አንዲት አሮጊት በር ላይ ትመጣለች። አነጋገሯ የወሎ ነው፣ የወንድ ኮት ትደርባለች።"

የአባቴ ኮት ነው፤ እናቴ ናት። ልክ በዚያን ጊዜ ከዱላው ኋላ መስመር ቀረ። አየሁት፤ በደንብ ነው ያየሁት። ሐቦባን ብጠራ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል፣ እኔም ወደ መጋዘኔ እገባለሁ። አልጠራኋትም።

"ምን ትላለች?" አልኩ።

"ሳህን ይዛ ትመጣለች። 'እዚህ የለችም' ይሏታል። እሷ ደግሞ 'እሺ፣ ከሌለች ያሉት ይብሉት' ብላ አስቀምጣው ትሄዳለች። አንድም እሁድ አልቀረችም።"

ዱላው ከበደኝ። ሁለት እጄን አደረግኩበት።

"በዝናብም?"

"በዝናብም።"

ከዚያ ዱላው አልንቀሳቀስ አለ። ባልዲው ውስጥ ያለው ነገር እንደ ድንጋይ ያዘ፣ ጎርባጣ ሆነ፣ እንፋሎት ወጣው። ሐቦባ ሶላቷን ጨርሳ ስትመጣ አየችና "ያ ረቢ!" አለች። ጠባቂዋ ሮጣ መጣች።

"ማን ነው ያበላሸው? አንቺ አይደለሽ ኃላፊዋ?" ጣቷን ሐቦባ ላይ ቀሰረች።

ሐቦባ ወቀሳውን ብትቀበልልኝ ለእኔ ይሻል ነበር፤ ጥፋቱን ዘይቱ ላይ ማሳበብም ይቻል ነበር። እናቴ ግን ያን በር ፈርታ አልቀረችም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እንደያዘ አይቻለሁ። አውቄ ነው ያልተጣራሁት።"

"ለምን?"

"ወሬው እንዳይቋረጥብኝ።"

ሐቦባ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እጇን በፌስታል ጠቀለለች፣ የጓጎለውን ከባልዲው እየፈነቀለች በመዳፏ ታድበለብለው ጀመር። ሌሎቹም ፌስታል አምጥተው ተቀመጡ። ለእኔም አንድ ወረወሩልኝ። ያለሳጥን፣ ያለቢላዋ፣ እንቁላል የሚያህል ሳሙና በየተራ ደረደርን።

ወደ ክፍሌ ስወሰድ ሐቦባ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ባልዲውን አላየችም፤ ፊት ለፊት እኔን ነው ያየችው። ጠባቂዋ እየሰማች ጮክ ብላ፣ "ልጄ፣ አይዞህ፣ እናትህ ደግ ነው" አለችኝ።

ሐቦባ የዚያን ሳምንት ጠያቂ ተከለከለች። ይህንንም ያወቅኩት በበሩ ሥር ነው፤ እሁድ ሁሉም እግሮች ወደ በሩ ሲሄዱ የእሷ እዚያው ቀረ። እኔም ከዚያ በኋላ ለሥራ አልተጠራሁም። እስክፈታ ድረስ ብቻዬን ነበርኩ።

አሁን ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። በየእሁዱ በር ላይ ትመጣ እንደነበር አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም፤ ያወቅኩ አይመስላትም። ባለፈው ሰሞን ልብስ አብረን ስናሰጣ በድንገት፣ "እዚያ የሚያናግርሽ ሰው ነበር?" አለችኝ።

"ነበር" አልኳት።

አንድ ቀን ብቻ መሆኑን አልነገርኳትም።