ቄስ ምስጋናውን እንዴት እንዳሳደግኩት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ጨዋታ ልትጀምር ተዋጊ ስትመርጥ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። አንዱ ሰይፍ ይዟል፤ አንዱ ቀስት ወጥሯል፤ አንዱ ደግሞ ነጭ ቀሚስ ለብሶ በትር ተደግፏል። «ይሄ ቁስል ከማዳን በቀር ሥራ የለውም፤ ማንም አይመርጠውም» አለችኝ። «እኔ መርጬው አውቃለሁ» ብላት ሳቀችብኝ። እናቷ ከምስር ጠጠር ከመልቀም ያለፈ ታሪክ ያላት አይመስላትም። እሷ ወደ ጨዋታዋ ስትመለስ እኔ ሰፌዱን ጭኔ ላይ እንዳደረግኩ ቄስ ምስጋናውን ሳስብ ቆየሁ።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ደብረ ማርቆስ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። አገራችን ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። አባቴ ቄስ ነው፤ ገብስ ያርሳል፣ ይቀድሳል፣ የሰፈሩን ወንዶች ልጆች ፊደል ያስቆጥራል። ከተማ ሲያስገባኝ የመከረኝ አጭር ምክር ነበር። «ትምህርትሽን ትተሽ ሌላ ነገር ስትይ ባገኝሽ፣ በዚያው ቀን ይዤሽ እመለሳለሁ።» አባቴ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ከእኔ በፊት ከሰፈራችን ሁለት ልጃገረዶች እንዲያ ተመልሰው ቀርተዋል።

ፋሲካ ከምትባል የክፍል ጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን በሶና የድንች ቅቅል እየበላን እንኖር ነበር። ጨዋታውን ያመጣብን ደሳለኝ ነው። የአስተማሪ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተማረን አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ለደሳለኝ አባት አንድ ካርቶን መጽሐፍ ትቶለት ነበር። ከመጽሐፎቹ ሥር ሽፋኑ የወለቀ የጨዋታ ሕግና በከረጢት የታሰሩ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ጠጠሮች ተገኙ። እንደ ሉዶ ዳይስ ባለ ስድስት ገጽ ብቻ አይደሉም፤ ባለ አራት አለ፣ ባለ ስምንት አለ፣ እስከ ሃያ ድረስ።

ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ አንዳንድ ሰው በወረቀት ላይ ያወጣሉ። ስሙን፣ ጉልበቱን፣ ብልሃቱን ይጽፋሉ። ተራኪው «ገደል አፋፍ ደርሳችኋል» ይላል፤ እናንተ የምታደርጉትን ትናገራላችሁ፤ መሳካት አለመሳካቱን ጠጠሩ ይፈርዳል። ብዙ ፈተና ያለፈ ሰው ደረጃው ከፍ ይላል። መጽሐፉ ውስጥ የአማልክት ዝርዝር ያለበት ምዕራፍ ነበር፤ ደሳለኝ አማትቦ ገጾቹን እንዳይገለጡ ዳር ዳራቸውን በክር ሰፋቸው። ከዚያ በኋላ ያለ አንዳች ስጋት ተጫወትን።

ፋሲካ ወዲያው ሽፍታ ሆነች። «ቁስለኛ የሚያድን ቄስ ያስፈልገናል» አለ ደሳለኝ።

«የቄስ ልጅ ተቀምጣ ሰው ትፈልጋለህ?» አለችው ፋሲካ።

እምቢ የምል መሰላቸው፤ እኔ ግን ልቤ ዘለለ። ታናሽ ወንድሜን አባቴ ለቅኔ ትምህርት ዲማ ሲልከው እኔን የላከኝ ጥጃ ፍለጋ ነው። ከአባቴ ተማሪዎች ጀርባ አጥር ተደግፌ ስሰማ ያደግኩትን ሁሉ አሁን የማወጣበት አገኘሁ።

መጽሐፉ ቄስን በግማሽ ሰዓት ጨርሱት ይላል። እኔ ግን ያልተማረ ሰው እንዴት አቀስሳለሁ? ምስጋናው ብዬ ስም አወጣሁለትና አኮፋዳ አስይዤ ዲማ ሰደድኩት። ውሻ ተረከዙን ነከሰው፤ በክረምት ጎጆው አፈሰሰበት፤ ቅኔ እየጠፋበት አለቀሰ። ይህን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። «ፋሲካ ሦስት ገበያ ዘርፋ ያንቺ ሰውዬ ገና ዳዊት እየደገመ ነው!» እያለ ደሳለኝ ይንጨረጨራል። ከቅኔ ቤት ሲወጣ ደግሞ ሳያገባ ቅስና ስለማይሰጠው ሚስት ፈለግንለት። በአራተኛው ሳምንት ምስጋናው ቀሰሰ፤ እኔም የገዛ ወንድሜ የተሾመ ያህል ደስ አለኝ።

ሕጉ ቄስ ስለት አይያዝ፣ ዱላ ግን ይያዝ ይላል። ጎጃሜ ቄስ ያለ ዱላ ስለማይሄድ ደራሲው አገራችንን የሚያውቅ መሰለን። አንድ እሑድ እነ ምስጋናው ድልድይ ሲሻገሩ ወንበዴ ጠበቃቸው። ምስጋናው ዱላውን አነሣ፤ ጠጠሩን ጣልኩት፤ ተንከባሎ ሃያ ላይ ቆመ። ወንበዴው እዚያው ወደቀ። ፋሲካ እልል አለች፤ የምስጋናው ደረጃ ከፍ አለ። እኔም ደብተሬ ላይ በቆንጆ እጅ ጽሕፈት «አንድ ወንበዴ ገደለ፤ በማግሥቱ ቀደሰ» ብዬ አሰፈርኩ።

ኅዳር ገባ፤ ገብሱ ይታጨዳል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አንድ ቅዳሜ ከቧንቧ ውኃ ቀድቼ ስመለስ የአባቴ አህያ ደጃፋችን ታስራለች። ስንቅ አምጥቶልኛል። እሱ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ደብተሬን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ያነባል። እንስራው ከጀርባዬ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ይኸ ቄስ ምስጋናው የየትኛው ደብር ነው?» አለኝ።

ልዋሽ አሰብኩ። ግን በዚያ አውራጃ አባቴ የማያውቀው ደብር የለም።

«የጨዋታ ሰው ነው አባባ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ፈጠርኩት አትበይ።»

«እሽ፣ የጻፍኩት።» ጨዋታውን እየተንተባተብኩ አስረዳሁት። ጓዜን የምሸክፍበትን ሰዓት እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ግን ገጹን መለስ አደረገ።

«የውሻውን፣ የጎጆውን ነገር ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ለተማሪዎቹ ሲያወሩ ከአጥሩ ኋላ እሰማ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጣቱን መጨረሻው መስመር ላይ አኖረ። «ሰው ገድሎ ቀደሰ? ኧረ በስማም! ክህነቱ ፈርሷል እኮ። ደም ባፈሰሰ እጅ ቁርባን ይነካል?»

አለቀስኩ። ለራሴ ይሁን ለምስጋናው ዛሬም አላውቅም። አባቴ መነጽሩን አወለቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማንም ያልነገረኝን ነገረኝ። ዲያቆን ሳለ፣ ለመቅሰስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በድንበር ሣር ተጣልቶ አያ ቢተውን በዱላ መታው። አያ ቢተው የወንድሜ የክርስትና አባት ነው፤ አንድ እግሩን ይጎትታል፤ በቅሎ ጥላው ነው እየተባለ ነው ያደግነው።

«አርባ ቀን ተኛ። በየቀኑ አጥሚት ይዤ እየሄድኩ እግሩ ሥር እቀመጥ ነበር። ቢሞት ኖሮ እኔም ቄስ አልባልም፤ አንችም የቄስ ልጅ አትባይም ነበር። በቅሎ ጣለችኝ ብሎ ያወራው እሱ ራሱ ነው፣ ቄስ እንድሆን ብሎ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ለሰው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አፌ አልደፈረም።» ደብተሩን ዘጋና ሰጠኝ። «ሰው መምታትን እንደ ቀላል አትጻፊው። ሰኞ ትምህርት አለሽ አይደል? በይ ስንቁን አራግፊ።»

ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን ደስታ ብቻ አልነበረም፤ አባቴ እኔን ብሎ ምሥጢሩን እንዳወጣ ገብቶኝ ነበር።

እሑድ ለጓደኞቼ የምስጋናው ክህነት እንደፈረሰ ነገርኳቸው። «መጽሐፉ እንዲህ አይልም» አለ ደሳለኝ። «አባቴ ይላል» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ምስጋናው ቁስል የማዳን ኃይሉን አጣ፤ ዱላውን ጥሎ የገደለው ወንበዴ እናት ዘንድ ሄደ። ማንነቱን ሳይናገር አረሰላት፣ ሣሯን አጨደላት። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሎች ባሉበት ለደም ማድረቂያ እርቅ ቀረበና ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ አላት።

«በይ ጣይ፤ ይቅር ትለው እንደሆነ እንይ» አለኝ ደሳለኝ ባለ ሃያውን እየሰጠኝ።

«ይቅርታ በጠጠር ነው እንዴ?» አለች ፋሲካ፣ ያቺ ሽፍታ። ደሳለኝ ጠጠሩን ኪሱ ከተተ። እናቲቱን ሆኖ አንገቱን ደፋ። ከዚያ «ተነሥ ልጄ» አለ። ሦስታችንም ተያይተን አፈርን፤ ዓይናችን እንባ አቅርሯላ።

አባቴ ለገበያ በመጣ ቁጥር ጭነቱን እያራገፈ «ያ ሰውዬስ እንዴት ሆነ?» ይለኝ ጀመር። ምስጋናው ሽማግሎች ፊት መናገሩን የነገርኩት ቀን የአህያዋን መጫኛ ሲያጠብቅ ቆየ።

አባቴ አሁን ሰማንያን አልፏል። አያ ቢተው ባለፈው ኅዳር ሲያርፍ ለቀብሩ ሄድኩ። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ አባቴ በትሩን ተደግፎ ሕዝቡ ፊት ቆመ። «ይህን ሰው በቅሎ አልጣለችውም። የመታሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን ሸፈነኝ፤ ቄስም አደረገኝ» አለ። ድንጋይ የሚወረውርበት ሰው አልነበረም። የአያ ቢተው የመጀመሪያ ልጅ ወጥቶ ትከሻውን ሳመው።

ሰው ጨዋታ ጊዜ ይገድላል ሲል እሰማለሁ፤ ይገድል ይሆናል። እኔ አባቴን ያወቅኩት በዚያ ጨዋታ ነው። ከቀብር ስንመለስ ክንዴን ይዞ በታጨደው ገብስ መሃል ቀስ እያልን ወጣን። ተራራው ላይ ጉም አልነበረም። አባቴ እንደዚያ ቀን ቀሎት ሲራመድ አይቼው አላውቅም፤ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ሳቀ።

«ያ ያንች ሰውዬ» አለኝ፤ «በሦስት ሳምንት የጨረሰውን እኔ ዕድሜዬን ፈጀሁበት።»