ሰማያዊው ከርከዴ

ከርከዴ ሲፈላ የሚወጣው ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ዛሬም ማእድ ቤቴን ሲሞላው ሐሳቤ መተማ ይወርዳል። እናቴ ከድንበር ማዶ የሚመጣውን ደረቅ ቀይ አበባ ማታ አፍልታ፣ ወፍራሙን አጥልላ በእንስራ ታሳድርና፣ ጠዋት በውሃ አቅጥናና ስኳር ጨምራ በራችን ላይ ባለው ዳስ ለሰሊጥ አጫጆች በብርጭቆ ትሸጠው ነበር። አባቴ አብደራፊ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዳ ስለነበር ወደ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ የምንኖረው በዚያ ቀይ ውሃ ነበር።

ክረምት ላይ ገበያው ይቀዘቅዝ ነበር። ጭቃው መኪና ሲያስቀር፣ የቀበሌው ስኳርም አልደርስ ሲል፣ እናቴ እኛን ማእድ ቤት አስቀምጣ ባገኘችው ነገር ሁሉ ታጫውተን ነበር፤ ዘይት በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ፣ እንቁላል በጨው ውሃ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ እያሳየች «ለምን ይመስላችኋል?» ትለናለች። መልሱን እሷም አታውቀውም ነበር። ግን የሰማችውን ሁሉ ዝም ብላ የምትቀበል ሴት አልነበረችም፣ ሞክራ ማየት አለባት።

ጥቅምት ሲገባ አጫጆቹ ከጎጃምና ከወሎ በጭነት መኪና እየታጨቁ ወረዱ፣ ዳሳችንም ሞላ። አንድ ቀን ጠዋት እናቴ እንደ ወትሮዋ ውሃ ስትጨምርበት ከርከዴው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆነ። ቀምሳው ጣዕሙ ደኅና ስለነበር ሸጠችው፣ የተጠሙትም መልኩን ሳያማርጡ ጠጡት፤ ከነሱ አንዱ ግን ያን ማታ በንዳድ ተንዘፈዘፈ። ቆላ የወረደ ደገኛን ንዳድ መያዙ አዲስ ነገር አልነበረም፣ ቢሆንም «ሴትዮዋ አንዳች ነገር አድርጋበታለች» ተባለና በማግስቱ ዳሳችን ኦና ሆነ።

እናቴ አላለቀሰችም። ብርጭቆዎቹን አጥባ ማእድ ቤት ደረደረችና እኔንና ደሳለኝን ጠራችን። በዚያ ሳምንት የተቀየሩት ስኳሩ፣ እንስራውና ውሃው ነበሩ፤ ውሃ ሻጩ ወንዝ መውረዱን ትቶ ቅርብ ከተቆፈረ ጉድጓድ መቅዳት ጀምሮ ነበር። እኔ ሦስቱንም ባንዴ እንድንቀይር ብነግራት ተቆጣችኝ። «ታዲያ የትኛውን ልንከስ ነው? አንድ በአንድ!» አለች። ስኳሩን ቀየርን፣ ሰማያዊ ሆነ። በአሮጌው እንስራ ያሳደርነውን ሞከርን፣ ያው ሰማያዊ። ደሳለኝ ከወንዝ ቀድቶ ያመጣውን ውሃ ስትጨምርበት ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ። የጉድጓዱን ውሃ ለብቻው ቀምሳ «አመድ አመድ ይላል» አለችና፣ ለማረጋገጥ ከምድጃው አመድ ቆንጥራ ቀዩ ላይ ብትነሰንስበት ሰማያዊ ሆነ፣ ሎሚ ብትጨምቅበት ተመልሶ ቀላ። እኔና ደሳለኝ እየዘለልን ጨፈርን። እሷ ግን «ነገ ሰው ሁሉ ያየዋል» ብላ ብርጭቆዎቹን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ አጫጆቹ በሚያልፉበት ሰዓት ብርጭቆዎቹን አግዳሚው ላይ ደርድራ፣ ከርከዴ ቀድታ የወንዙንና የጉድጓዱን ውሃ ለየብቻ ጨምራ አሳየችና ከሰማያዊዎቹ ባንዱ ላይ ሎሚ ጨመቀች። ሰማያዊው ዓይናቸው እያየ ሲቀላ ሰዉ ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጭራሽ አባሰችው!

«ኧረ በስመ አብ! ድግምቷን በጠራራ ፀሐይ አወጣችው እኮ!» አለ አንድ ጎጃሜ።

እናቴ ሎሚ ያልነካውን ሰማያዊ አንስታ ጭልጥ አደረገችው። «እሷማ ማርከሻውን ታውቃለች» አለ ሌላው ከኋላ።

ያኔ ሌላ ብርጭቆ ሰማያዊ ቀዳችና ወደ እኔ ዞረች። «ጠጪ፣ ልጄ» አለችኝ። ነገሩን ትናንት በገዛ ዓይኔ ያየሁ ልጅ ብሆንም፣ ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ተክሎ ሲያየኝ ፈራሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ጠጥቼ ብርጭቆውን ገልብጬ አሳየኋቸው። ጎጃሜው ጥቂት ሲያስተውለኝ ቆየና «እንግዲህ የገዛ ልጃቸውን አይመርዙም። በሉ ለእኔም ይቅዱልኝ፣ እትዬ፤ ቀዩን ግን ያርጉልኝ» አለ። ሰዉ ሳቀ፣ ከዚያም አንድ ሁለት እያለ መቀመጥ ጀመረ።

በጋው ሲገፋ ያ በንዳድ የተያዘው ሰው እንኳ ክኒን ወስዶ ድኖ ከእኛው ዳስ ይጠጣ ነበር፤ እናቴም ከዚያ ወዲያ ሎሚ ሳትጨምቅበት ሸጣ አታውቅም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እሷ አርጅታ እኔም ጎንደር ትዳር ይዤ ሳለሁ፣ «ያን ቀን አልፈራሽም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ውሃውንማ ምን እፈራዋለሁ፣ አውቄው የለ እንዴ። እምቢ እንዳትዪኝ ነበር የፈራሁት» አለችኝ።

ዛሬ እኔም ከልጆቼ ጋር ብርጭቆ ደርድረን በከርከዴና በሎሚ እንጫወታለን፤ ምድጃ በሌለበት ቤት አመድ ስለማይገኝ ቤኪንግ ሶዳ እንጨምርበታለን። ቀለሙ ሲለወጥ ያጨበጭባሉ። ሰማያዊውን አንስቼ «ጠጡ» ስላቸው «እምቢ!» ብለው እየተሳሳቁ ይሮጣሉ፣ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ያን ቀን እኔ እምቢ ብዬ ቢሆን ኖሮ ግን ማንም አይስቅም ነበር።