ዉሃን ቁርሱን ቆሞ ይበላል

መንገድ ዳር የሚሸጥ ምግብ ሰውን ከሰው ያቀራርባል የሚል ጽሑፍ ሲገጥመኝ ገጹን እገለብጣለሁ። ሰው መንገድ ላይ የሚበላው ስለቸኮለ ነው። እኔም ዉሃን የሄድኩት ለመብላት አልነበረም፤ እንዲያውም እንዳልበላ ታዝዤ ነበር።

ያዘዘችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ጀርመን አገር ግሪስሃይም ትኖራለች፣ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራለች። ልጇ ለሁለት ዓመት ትምህርት ብላ ዉሃን ሄዳ አምስት ዓመት ሆናት፤ በቅርቡ ደግሞ “የማገባው ሰው አገኘሁ” ብላ ደወለች። ሰውየው መሐንዲስ ነው። አባቱ ጎዳና ላይ ቁርስ ይሸጣል። ይህ ሁሉ እህቴን አላስከፋትም። ያስከፋት ሽማግሌ አለመላኩ ነው።

“ልጄ ከሜዳ የተለቀመች ናት?” አለችኝ፣ ከምኖርበት ከሪደርቫልድ ድረስ አስጠርታኝ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር። “አንድ ሰው መጥቶ፣ ቆሞ፣ ልጅሽን ስጪን አላለኝም።”

“እትዬ፣ ሰዎቹ እኮ ቻይና ናቸው። ለሽማግሌ ቪዛ ማን ይሰጣል?”

“ይጠይቁዋ! እኛ ስንት ዓመት ነው የቀጠሮ ቴርሚን ስንለምን የኖርነው?”

ትእዛዙ ከዚያ ቀጠለ። ሄጄ ሰዎቹን አያለሁ፤ አባትየው በወጉ እስኪጠይቅ ድረስ ግን እህላቸውን አልቀምስም። በእኛ ቤት ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ አንዴ ይመለሳል፣ ሁለቴ ይመለሳል፣ በሦስተኛው መልስ ያገኛል።

“ከቀመስክ ሰጥተሃታል ማለት ነው” አለች። “ነግራችሁ አስጠይቃችሁ ደግሞ እንዳትመጡ። ካልጠየቀ ሠርጉ ላይ አልገኝም፤ ምርቃትም የለኝም።”

እኔ ለወግ ብዙ ክብር የለኝም፤ በጽሑፍ ስሳለቅበት የኖርኩ ሰው ነኝ። እህቴን ግን አውቃታለሁ። የታናሽ እህታችን ሠርግ ላይ ከሙሽራዋ አጠገብ አንድ ወንበር ባዶውን ነው ያመሸው። ሁለቱ እስከ ዛሬ በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት።

ዉሃንን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ቡናማና ሰፊ ነው፤ የእኛ ከተማ ወንዝ ማይን ከእሱ ጎን ቦይ ነው። የአባትየው ጋሪ የቆመው ከአንድ ትልቅ መንገድ ድልድይ ሥር ነበር። ሰውየው ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ነው። ኑድሉን በሽቦ ወንፊት የፈላ ውኃ ውስጥ ያጠልቃል፣ ያራግፋል፣ የሰሊጥ ቅባት፣ ቃሪያና የተከተፈ ሽንኩርት ይጨምርበታል። አንዱን ሳህን ለማሰናዳት ስድስት ጊዜ መተንፈስ አይፈጅበትም።

እኔም እንደታዘዝኩት አልተቀመጥኩም፣ አልቀመስኩም፤ ቆምኩ። አገራችን ቢሆን ባለቤቱ “ምን አጠፋሁ?” ብሎ ይደነግጥ ነበር። ዉሃን ግን ቁርሱን ቆሞ ይበላል፤ ግማሹ ደግሞ እየተራመደ። ኩርፊያዬን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ወረፋ የያዝኩ መስሏቸው ሦስት ሰዎች ከኋላዬ ተሰለፉ።

አባትየው አንድ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ከጋሪው ጀርባ ወጣ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩና መለስኩት።

“አጎቴ፣ ቢተ፣ እባክህ ብላለት” አለች አጠገቤ የቆመችው የእህቴ ልጅ። “እማዬ ናት አይደል?”

“ማን ሌላ አለ?”

“ሰውየው ስለ ሽማግሌ ምን ያውቃል? ልንገረው?”

“ከነገርሽው እናትሽ አትቆጥረውም።”

“አንተ ደግሞ በዚህ ታምናለህ?”

“በእሱ አላምንም። እናትሽ አልመጣም ካለች እንደማትመጣ ግን አምናለሁ።”

በማግስቱ ቃሪያውን ቀንሶ አመጣ። ያቃጠለኝ መስሎት ነው። መለስኩት። በዚያን ቀን ሲሠራ እያንዳንዱን ሳህን ራሱ ሲቀምስ አየሁት።

ሦስተኛው ቀን አርብ ነበር። ወረፋው እስከ መንገዱ ማዶ ደርሶ ሳለ እሳቱን አጠፋ። ሰዎቹ አጉረመረሙ። ሽርጡን አወለቀ፣ እጁን ታጠበ፣ አንድ ሳህን ይዞ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ቀስ ብሎ ተናገረ። የእህቴ ልጅ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ተረጎመችልኝ፦ “እጄ ካልጣመህ አይክፋህ፤ ልጄን ግን በእኔ እጅ አትመዝንብኝ ይላል።”

ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ ከዚህ ያነሰ የተናገሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሳህኑን በሁለት እጄ ተቀብዬ በላሁ። ሰሊጡ ከሁመራ የመጣ ሊሆን ይችላል ብሎ ሦስት ገጽ የሚጽፍ ጓደኛ አለኝ። እኔ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። ጥሩ ነበር።

እሑድ ግሪስሃይም፣ እህቴ ማድ ቤት ገባሁ። ሻንጣዬን እንኳ አላስቀመጥኩም።

“በላህ?”

“በላሁ።”

ከመስኮቱ ውጭ የከተማው ባቡር፣ ኤስ-ባን መጣ። እስኪያልፍ ጠበቀች።

“ጠየቀ?”

“ሦስት ጊዜ መጣ። ሁለቴ መለስኩት። በሦስተኛው፣ አርብ ዕለት፣ ሥራውን አቁሞ፣ ሽርጡን አውልቆ መጣ።” ያለውንም ነገርኳት።

“ቆሞ?”

“ቆሞ።”

እዚያ ሁሉም ሰው እንደሚቆም አልነገርኳትም።

“አርብ አልነበር እንዴ?” አለች፣ የመጨረሻውን በር ስትሞክር።

“ስንዴና ሰሊጥ ነው። የጾም ነው።”

ጠረጴዛውን ጠረገች፤ ንጹሕ ነበር።

“ሽርጡን አውልቆ” አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን የፈረቃ ዝርዝር ነቅላ መነጽሯን ፈለገች። “ሠርጉ ጥቅምት ነው ያላችሁት? የዓመት ፈቃድ፣ ኡርላውብ፣ ነገውኑ ካልጠየቅኩ አይሰጡኝም።”