በካልሲ የለቀምኩት በለስ

ይህ የሆነው ባለፈው ነሐሴ፣ እዚሁ ቆቦ ነው። ለሰው ሳወራው እየሳቅኩ ነው፤ ብቻዬን ሳስበው ግን ሳቁ ይጠፋብኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት በጡት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። የብብቴን እጢዎችም አብረው ስላወጧቸው ግራ ክንዴ አብጦ ቀረ። ነርሷ ብዙ ነገር አስጠነቀቀችኝ፦ ክንዱ እንዳይወጋ፣ እንዳይቆረጥ፣ እንዳይቃጠል፤ በየቀኑ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ቅባት እንዲቀባ። በትንሽ ጭረት ጀርም ከገባ ቶሎ ይዛመታል አለችኝ። "ከቀላ ወይም ካተኮሰሽ በዚያኑ ቀን ነይ። ነገ አትበዪ።"

እኔ ታዲያ ትእዛዙን ከልኩ አሳለፍኩት። ሽንኩርት መክተፍ ተውኩ፤ ዕቃ ማጠብም ተውኩ። ባለቤቴ ካሳዬ አስተማሪ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቢላውን አቀብለዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ቀኝ እጄ ጤነኛ ነው፣ ጓንት አጥልቄ ብዙ ነገር መሥራት እችል ነበር። ግን ካሳዬ እንባው እየወረደ ሲከትፍ ቁጭ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ሃያ ዓመት ያለቀስኩት እኔ ነኛ።

የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ አጥር በለስ ነው። በዚያ ነሐሴ ፍሬው በስሎ ወደ እኛ ግቢ አዘንብሎ ነበር። ብጠይቃቸው ሳህን ሞልተው እንደሚሰጡኝ አውቃለሁ፤ መጠየቁ ግን ጨዋታውን ያበላሸዋል። ካሳዬ ስብሰባ ሲሄድ የእሱን ወፍራም ካልሲ በሁለቱም እጆቼ አጠለቅኩና አጥሩ ሥር ሄድኩ። ስድስት ፍሬ ለቅሜ፣ እዚያው ቆሜ በላሁ። ልጣጩን አፈር ውስጥ ቀበርኩት።

የበለስን እሾህ ካልሲ አያቆመውም። ከሰዓት በኋላ ግራ እጄን ይበላኝ ጀመር። የታየኝን ሁለት ሦስት እሾህ በጥፍሬ ነቀልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከመዳፌ እስከ ክርኔ ቀልቶ ይፋጅ ነበር።

"ምን ነካሽ?" አለ ካሳዬ።

"ትንኝ ነው" አልኩ። ቢላ መያዝ አልችልም ያልኩ ሴትዮ፣ በለስ ስሰርቅ ዋልኩ ልበል?

"ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ነገ" አልኩ።

እሱ ምስኪን ፍሊት ገዝቶ መጥቶ ቤቱን ሁሉ ነፋው። ከሰዓት ላይ በዚያ በቆቦ ሙቀት፣ ሁለት ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም፤ ደግፎ ባጃጅ ላይ ጫነኝ።

ካሳዬ ትንኝ ነክሷት ነው ሲላት፣ ነርሷ ክንዴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ በወረንጦ ትነቅል ጀመር። እያንዳንዷን እሾህ ነጭ ፋሻ ላይ ታስቀምጣለች። አሥራ አንድ ደረሰች።

"የእናንተ ሰፈር ትንኝ እሾህ አላት?" ብላ ካሳዬን አየችው። ካሳዬ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ትናንት እንደወጋሽ ብትመጪ ኪኒን ይበቃሽ ነበር። ወደ ደምሽ ገብቶ ቢሆንስ?" አስተኛችኝና መድኃኒቱን በቀኝ እጄ ሰካችልኝ። የመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ፈራሁ። ከካንሰር ተርፌ በስድስት በለስ ልሞት ነው አልኩ። ካሳዬ አልተቆጣኝም። ክንዴን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘሃራ የተላጠ በለስ በሳህን ይዘው መጡ።

"አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ" አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ካልሲውን ስታጠልቂ በመስኮት አይቼሻለሁ። ታፍሪያለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩ። ወላሂ፣ ክንድሽ እንዲህ የሚፈራለት መሆኑን ባውቅ እጮህብሽ ነበር።"

ካሳዬ ሐኪም ቤት ከገባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ዘንድሮ ለክትትል ደሴ ሄጄ ወረፋ ስንጠብቅ፣ እንደ እኔ ክንዳቸው ላበጠ ሴቶች ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። አንዷ ድመት ቧጭራት ለባሏ "ሚስማር ነው" ማለቷን ተናዘዘች። ከሮቢት የመጣች አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም። እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ቀልቶ ያብለጨልጫል።

"ማሽላ ስኮተኩት እሾህ ወግቶኝ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ይቆጡኛል ብዬ ዛሬም ላልናገር ነበር።"

ወረፋውን ጥሰን ይዘናት ገባን።

በስርቆቴ አሁንም አፍራለሁ። በማውራቴ ግን አላፍርም፤ እሾህ በወጋኝ ቁጥር ለማን ልንገር ብዬ አላመነታም፣ የሚያየኝ ሁሉ ይስማኝ።