ደንዲ ላይ የመረጥነው ለምለም ቦታ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ኮሪደሩ ላይ ድንኳን ተዘርግቶ ጠበቀኝ። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ የሸራ ድንኳን ነው፤ በየመታጠፊያው ሻግቶ፣ አይጥ ሸንቶበት፣ ገመዱ ላይ የበረሮ እንቁላል ተጣብቆ። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ለእረፍት ስምጥ ሸለቆ ወርደው ሐይቅ መሀል ያለ ደሴት ላይ ሊያድሩ ነው አሉ፤ ድንኳኑም ነፋስ ይምታው ተብሎ ነው አፍንጫችን ሥር የተዘረጋው። ኤጭ! አፌን በመሐረብ ይዤ ግድግዳ ግድግዳውን ሳልፍ ኃላፊያችን፣ ደግ ሰው ነው እንጂ ሌላ ቢሆንማ፣ «ሕይወት፣ የማረፊያ ቦታ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ አስገብቼሻለሁ፤ ደሴቱ ላይ ሦስት ቦታ አለ፣ ያንቺ ዓይን መቼም አይሳሳትም» አለኝ። የኔ ዓይን! «ቦታ ከምመርጥ ሞቴን ብመርጥ ይሻለኛል!» ብዬ ጮህኩበት። ጸሐፊዋ ደንግጣ ሻይዋን ደፋች። በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ሽታው በበሩ ሥር ገባ።

ሰው ይህን ያህል በድንኳን አይናደድም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እርጥብ ሸራ በሸተተኝ ቁጥር ከሥሩ የአዛባ ሽታ ይመጣብኛል፤ ከአዛባው ሽታ ሥር ደግሞ የዚያ ቀን ሥራዬ አለ፤ ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ነው።

እናቴ የደንዲ ልጅ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ኦቦ ቶሎሳ፣ እኔ ኤሱማ የምለው፣ የእናት ወንድም ማለት ነው፣ ቤቱ ከደንዲ ሐይቅ በላይ ያለው ተረተር ላይ ነበር። ትንሽ ሳለሁ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ከምንኖርበት ከአምቦ ጊንጪ ድረስ በአውቶቡስ ወስዳ ታስረክበዋለች፤ እሱም ከኋላው ፈረስ ላይ አፈናጦኝ ያን ሁሉ ዳገት እያንጎራጎረ ይወጣዋል። ጋቢው ወተት ወተት፣ ጭስ ጭስ፣ ላም ላም ይሸታል፣ ካፊያ ሲነካው ይብስበታል፤ እኔም ጀርባው ላይ ተለጥፌ ያንን እየማግኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ቤት ስንደርስ ሚስቱ አዴ በዳቱ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በእጄ ሙሉ ትሰጠኛለች፤ ቅቤው በክንዴ እየወረደ እስከ ክርኔ ድረስ እየላስኩ እበላለሁ። በትምህርት ቤት መዝገብ ሕይወት ብባልም እዚያ ቤት ስሜ ጫልቱ ነበር። ስሙን ያወጣልኝ ኤሱማ ነው፤ ከእርሻው ሲመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «ጫልቱ! ጫልቱ ኮ!» ብሎ ይጣራል፣ የኔ ጫልቱ ማለቱ ነው፤ እኔም ውሻውን ቀድሜ እደርሳለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ግን ሥልጡን ሆንኩላችሁ። ማርታ የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ክፍላችን ገባች፤ አባቷ አምቦ ገበያ አጠገብ ትልቅ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፣ እሷ በየቀኑ ነጭ ካልሲ የምትቀይር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ታናናሾቻችን በኦሮምኛ መማር ጀምረዋል፤ እኛ ግን አሁንም አማርኛው የተሰበረበትን ልጅ በሳቅ እንገድለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ማርታ እኛ ቤት ልታጠና መጣች። ኤሱማ ጠዋት ቅቤ ይዞ መጥቶ፣ ጋቢውን ወንበር ላይ ትቶ ገበያ ወጥቷል። ማርታ ገና ከመግባቷ አፍንጫዋን ያዘችና «ውይ! የሞተ ነገር አለ እንዴ እዚህ ቤት?» አለች። ጋቢውን በእንጨት ጫፍ አንስቼ ጓሮ የጣልኩት እኔ ነኝ። መጠየፍ እንደ ቅማል ነው፣ ይጋባል፤ ከዚያ ወዲያ ኤሱማ ጉንጬን ሲስመኝ ዞር ብዬ እጠርግ ጀመር። አይቶኝ ይሆን አላየኝ አላውቅም።

እንግዲህ የካቲት ላይ፣ ለሴሚስተር ዕረፍት፣ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ቲቸር ለማ ክበባችንን ደንዲ ወስዶ ሁለት ቀን ሊያሳድር ተነሣ። ከወታደር ካምፕ የተረፉ ሦስት ድንኳኖች ከየት እንዳገኘ እግዜር ይወቀው፤ ያኔውኑ ይሸቱ ነበር። ሃያ ምናምን ልጆች በአይሱዙ ተጭነን፣ ጊንጪን አልፈን፣ አቧራ ጠግበን፣ መንገዱ ሲያልቅ ሐይቁ አጠገብ ወረድን። ቲቸር ለማ ዕቃ እያስወረደ እኔንና ማርታን ጠራ፤ አንደኛና ሁለተኛ ስለምንወጣ የሁሉ ነገር ኃላፊ እኛ ነን። «ቀደም በሉና የድንኳን ቦታ ምረጡ። ሜዳ ይሁን፣ ደረቅ ይሁን፣ ለውሃ ይቅረብ» ብሎ ላከን። ከተረተሩ ላይ የኤሱማ ቤት ክዳን ወለል ብሎ ይታየኛል። ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ውሃው ወረድኩ።

ለድንኳን የሚሆን ሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው ከኤሱማ አጥር ሥር ያለው ሜዳ ነው፤ ጠጠር የበዛበት፣ ሣሩ በበጋ ደርቆ ቢጫ የሆነ። ሁለተኛው ከዳር ተነሥቶ ሐይቁ ውስጥ የገባ መሬት ነው፤ ሦስት ጎኑ ውሃ፣ ከየብሱ የሚያገናኘው አንድ ጠባብ አንገት ብቻ። ባሕር አይተን የማናውቅ ልጆች ስለሆንን ወዲያው «ደሴቱ» አልነው። ደግሞ ለምለምነቱ! አገሩ ሁሉ በየካቲት ፀሐይ ገርጥቶ እሱ ብቻ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ እርግብ ይላል። ማርታ ጫማዋን አውልቃ ተንከባለለችበት። እኔም ተንከባለልኩ። ጤነኛ ሰው በበጋ እንዲህ የለመለመ ሣር ሲያይ ከሥሩ ምን ቢኖር ነው ብሎ ይጠይቃል፤ የገበሬ የልጅ ልጅ ሆኜ አልጠየቅኩም።

ቀና ስል ኤሱማ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ በአንገቱ በኩል ሲመጣ አየሁት። ያው ጋቢ ነው የለበሰው። ገና ከሩቅ ፊቱ በራ፤ «ጫልቱ! ጫልቱ ኮ!» አለ። ከዚያ በኦሮምኛ ነገረኝ፣ እያንዳንዷን ቃል ዛሬም አስታውሳታለሁ፦ ልጄ፣ እዚህ አትረፉ፣ ይህ የከብት በረት ነው፤ ሦስት ጎኑን ውሃ ስለሚያጥረው አንገቱን ብቻ በግንድ ዘግተን ክረምቱን ሙሉ የመንደሩን ከብት ያሳደርንበት ነው፣ ሣሩ የበቀለው በአዛባ ላይ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ደመናው አላማረኝም፣ ኑ ከአጥሬ ሥር እረፉ፣ በዳቱ ወተት ታፈላላችኋለች።

ማርታ ኦሮምኛ አትሰማም። አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ «ታውቂዋለሽ እንዴ? ጫልቱ ማናት?» አለችኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ኧረ አላውቀውም፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታትቼበት ነው» አልኩ። «ምን ይላል ታዲያ?» አለች። «ሣሩ ለከብቶቼ ነው፣ ከዚህ ጥፉልኝ ነው የሚለው።»

ኤሱማ በወጣትነቱ ጊንጪ ላይ ዓመታት እህል የነገደ ሰው ነው፤ አማርኛ እንደሚሰማ አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ያልኩት። ማርታ «ሲስገበገብ! ሐይቁንም ገዝቶታል እንዴ?» ብላ ፊቷን አዞረች። እሱ ትንሽ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ዱላውን ከትከሻው አውርዶ በመጣበት ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጬ ልመልሰው እችል ነበር፣ እግሬ ግን እንቢ አለ። እኛም ለቲቸር ለማ ቦታ አግኝተናል አልነው፤ አይቶ «ጎበዞች!» ብሎ አጨበጨበልን።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ድንኳኖቹ ቆመው ፓስታው ሊበስል ሲል፣ ያልታሰበው ዝናብ ጣለ። የደንዲ ዝናብ ሲጀምር አይቀልድም። መጀመሪያ ጉልቻዎቹ ሰመጡ፤ ድስቱ ተዘንብሎ ፓስታው መሬት ላይ ተዘረገፈ፣ ሲዘረገፍ መሬቱ አረፋ አወጣ። ቀጥሎ ያ ፍራሽ የመሰለው ሣር ተገምሶ ከሥሩ የክረምቱ አዛባ ተነፈሰ። ኡፍ! ጥቁር፣ ለብ ያለ፣ እንደ ተበላሸ አብሲት የሚንተከተክ ዝቃጭ ነው። ትሉ ውሃውን ሸሽቶ ድንኳን ውስጥ ገባ፤ ነጭ፣ ጣት የሚያህል፣ ብርድ ልብሱ ላይ የሚርመሰመስ። አንዱ ልጅ ዳቦውን ገምጦ ከጥርሱ መሀል ጢንዚዛ አወጣ። ማስመለስ ይጋባልና አንዱ ሲያስመልስ ሌላው ቀጠለ፤ ያም ከዝቃጩ ጋር ተቀላቅሎ በድንኳኑ በታች ገባ። ቲቸር ለማ «ዲሲፕሊን! ዲሲፕሊን!» እያለ ሲሮጥ አንድ ጫማው ተነቅሎ እዚያው ቀረ፤ ካልሲውን ይዞ በአንድ እግሩ ሲቆም ማንም አልሳቀም። የማርታ ነጭ ካልሲ የቱ ጋ እንደሚያልቅና እበቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታወቅም። እኔ አፌን ገጥሜያለሁ፤ ብከፍተው የሚገባውን ፈርቼ ብቻ አይደለም።

እንውጣ ብንል አንገቱ ማጥ ሆኗል። ከብት ክረምቱን ሲመላለስበት የተቦካ መሬት ነው፤ ሊሻገር የሞከረው ልጅ እስከ ጭኑ ገብቶ በገመድ ተጎተተ። ትናንሾቹ ማልቀስ ጀመሩ። በዚህ መሀል ነው ኤሱማ ከሁለት ልጆቹ ጋር ብቅ ያለው፤ የበረቱን ግንዶች ተሸክመው። ግንዶቹን ማጡ ላይ አነጠፉ፤ እሱ እየተመላለሰ አንድ ባንድ በጀርባው ያሻግረን ጀመር። የአጎቴ ልጆች በአጠገቤ ሲያልፉ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ነግሯቸዋል ማለት ነው።

እኔ የቀረሁት መጨረሻ ነው። ጎንበስ አለልኝ፣ ጀርባው ላይ ወጣሁ፤ ያው እርጥብ ጋቢ፣ ወተቱ፣ ጭሱ፣ ላሙ። ከዚያ ሁሉ ጥንብ ወጥቼ ሳሸተው ንጹሕ ነበር። ጫልቱ በለኝ ብዬ ለመንኩት፣ በልቤ። ግንዱን እየረገጠ፣ ሰው የሚሰማው ድምፅ አውጥቶ፣ በአማርኛ «ስምሽ ማነው፣ ልጄ?» አለኝ።

ማርታ ከዳር ቆማ ታየናለች። «ሕይወት» አልኩ።

«ጥሩ ስም ነው» አለና አወረደኝ።

ቤቱ አስገባን። አዴ በዳቱ ውሃ አሙቃ ሁላችንንም ባንድ ገበቴ እያገላበጠች እግራችንን አጠበችን፤ የኔ ተራ ሲደርስ ከጣቶቼ መሀል ትሉን እየለቀመች እጥብ አደረገችኝ፣ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ቲቸር ለማ ወተቱን እየጠጣ «ኦቦ ቶሎሳ፣ ምነው በረት መሆኑን ሳይነግሩን?» አለ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ኤሱማ እሳቱን ቆስቆስ አድርጎ «ከብት ፍለጋ ሄጄ ነበር፤ አላየኋችሁም» አለ። ማርታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ውሸታም ሽማግሌ! ሣሩን ሰስቶ እንዳባረረን ሊደብቅ ነው» አለችኝ። ወተቱን በእጄ ይዤ፣ እሱ ቤት፣ እሱ እሳት ዳር ተቀምጬ፣ ዝም አልኩ። ትሉም፣ ቅርሻቱም፣ አዛባውም በሳሙና ለቋል። ይህች ዝምታ ናት እስከ ዛሬ የምታንገሸግሸኝ።

ለእናቴ አልነገራትም። ለፋሲካ እንደ ወትሮው ቅቤ ይዞ መጣ፣ እንደ ወትሮው ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ ሲጫወቱ ዋሉ። ወደኔ ሲዞር ግን «እንደምን አለሽ፣ ሕይወት? ትምህርት እንዴት ነው?» አለኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ጉንጬን አልሳመኝም፤ እጁን ዘረጋልኝ። እናቴ «ልጅቷ አድጋለች ብሎ ነው» ብላ ሳቀች። እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ። በሠርጌ ቀን ባርኮኛል፣ በአማርኛ። እናቴን ስንቀብር አጽናንቶኛል፣ በአማርኛ። በኦሮምኛ ብጠይቀው በአማርኛ ይመልስልኛል፣ በትሕትና፣ ቃል ሳይሰብር፤ እኛ በልጅነታችን በሳቅ የገደልናቸውን ልጆች ያህል እንኳ አይሰብርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታሞ አምቦ ሆስፒታል ገባ። እንግዲህ ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም ብዬ፣ በአልጋው ጎን ተንበርክኬ፣ በእናቴ ቋንቋ ሁሉንም ነገርኩት። ጫልቱ ነኝ፣ አውቄህ ነው የካድኩህ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ኤሱማ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደኔ መለሰ። «ደክመው መጡ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። አንቱ አለኝ! ከዚያ ወደ አዴ በዳቱ ዞሮ በኦሮምኛ፣ ለእንግዳዋ ወንበር አምጪላት እንጂ፣ መሬት ላይ ሆነች እኮ አላት።

ኮሪደር ላይ አዴ በዳቱን ይዤ፣ በሽታው አእምሮውን ነክቶት ነው አይደል፣ ሰው አይለይም አይደል ብዬ ጠየቅኳት። እንድትለኝ የምፈልገው ይህንን ነበር። እሷ ወንበሩን በሁለት እጇ ተሸክማ ቆማ አየችኝ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችኝ።

«አእምሮው ደህና ነው» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት እንኳ በሕይወቱ ያረሰባቸውን በሬዎች በሙሉ በየስማቸው ሲጠራልኝ ነበር።»

ወንበሩን አስገብታ አስቀመጠችልኝ፤ ተቀመጥኩበት። በሳምንቱ አረፈ። ጫልቱ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አሁን የለም።