መሀሉ የተከፈለው ኪቦርድ

ኦሎምፒያ ያለ አንድ ባለሱቅ ከእኔ በፊት ለገባው ጎረምሳ ሦስት ኪቦርድ ከካርቶን አውጥቶ ሲያስሞክር፣ ለእኔ አንዱንም አልከፍትም ብሎኛል። ባለሱቁን ዛሬ ባመሰግነውም ይህ ይጻፍልኝ።

ጎሮ ባለው እድራችን ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም የልጅ ልጄ መተየብ አስተምራኛለች። ድሮ ሰው ሲያርፍ ጡሩምባ ይነፋ ነበር፤ አሁን እኔ ማስታወቂያውን በኮምፒውተር ጽፌ ለአባላቱ ስልክ እልካለሁ። ታዲያ የቀኝ እጄ አንጓ አብጦ ብርጭቆ ማንሳት እንኳ አቃተኝ። ሐኪሟ «ወይ ኪቦርዱን ይቀይሩ፣ ወይ መጻፉን ይተዉ» አለችኝ። መተዉን አልፈለግኩም።

«እማማ፣ ለማን ነው? ልጁን ራሱን ይላኩት» አለኝ ባለሱቁ።

«ለዚህ እጅ ነው።»

«ካርቶኑ ከተከፈተ አይሸጥልኝም።»

«የጎረምሳው ሦስት ካርቶንስ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አብራኝ የነበረችው የልጅ ልጄ በሀፍረት አንገቷን ደፋች። በመጨረሻ መሀሉ ተከፍሎ ወደ ግራና ቀኝ የሚያዘቀዝቅ ኪቦርድ አወጣ። እጄን ሳሳርፍበት አንጓዬ ቀና አለ። ገዛሁት።

ቤት ስጀምረው ግን ሕመሙ ባሰ። ለካ እስከዚያ ድረስ በቀኝ እጄ ብቻ ነበር የምተይበው። ለሰው በግራ እጅ አይሰጥም ተብዬ ነው ያደግኩት፤ የሟች ስም በግራ መጻፍ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ቀኝ እጄ ክፍተቱን እየዘለለ ሲመላለስ ይውላል።

የልጅ ልጄ አይታኝ ሳቀች። «እማዬ፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ ስትሰጪ በስንት እጅሽ ነው?»

«በሁለት ነዋ!»

«ታዲያስ?»

አፈርኩ። አንዱ ሲለፋ ሌላውን ማስቀመጥ፣ ያውም እኔ የእድር ሰው! ግራ እጄ ሁለት ሳምንት ያህል አስለፋኝ። በሁለቱም እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ማስታወቂያ እስኪያልቅ ረፈደ፤ ግን ለቀብሩ ደረሰ። ዛሬ እብጠቱ ጠፍቷል። ሐኪሟንም፣ የልጅ ልጄንም፣ ያን የተናቀ ግራ እጄንም አመሰግናለሁ።

ባለሱቁንም ላመሰግን ተመለስኩ።

«ልጄ፣ ዕቃህ ጥሩ ነው፣ ተባረክ። አሁን ንገረኝ፤ ለዚያ ጎረምሳ ሦስት ከፍተህ ለእኔ አንድ የከለከልከው ለምንድን ነው?»

የሚያስተባብል መስሎኝ ነበር። የያዘውን የኮምፒውተር ገመድ አስቀመጠ።

«እናቴ ኮምፒውተሬን በነካች ቁጥር ‹ታበላሺዋለሽ› እያልኩ ነው የኖርኩት» አለኝ። «እርስዎንም እንደ እሷ አየሁዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ። እሷንም ገና ይቅርታ አልጠየቅኳትም።»