መጽሐፉ «አንተ» ያላቸው ሽማግሌ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አቶ መኩሪያ አንድ እሽግ ነጭ ካርድ፣ ሁለት እርሳስና አንድ መቅረጫ ሰጡኝና «ሰበታ ገበያ ሄደሽ ሰው ሲያወራ ስሚ» አሉኝ። ዘመኑ የንጉሡ ነው፣ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ። እኔ ለቢሮ ሥራ የተቀጠርኩ መስሎኝ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ ነበር የመጣሁት።

መሥሪያ ቤታችን ለዐዋቂዎች የንባብ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ትንሽ ክፍል ነበር። አቶ መኩሪያ የክፍሉ ሹም ናቸው፤ እኔ ካርድ ጸሐፊ ነኝ፤ ከኛ ሌላ አንዲት ታይፒስት ነበረች። የአቶ መኩሪያ ሐሳብ ቀላል ነው። ለሰው መጽሐፍ ከመጻፋችን በፊት ሰው በየትኞቹ ቃላት እንደሚናገር፣ የትኛውን እንደሚያዘወትር፣ ለማን ምን እንደሚል እንወቅ ይላሉ። ወጣት ባልደረቦቼ ዛሬ ይህን ኮርፐስ ይሉታል፤ ኮምፒዩተሩም በቅጽበት ይቆጥርላቸዋል። እኛ የቃል ሳጥን ነበር የምንለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሰማሁትን መጀመሪያ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቢሮ ስመለስ፣ ዐረፍተ ነገሩ አምስት ቃል ካለው አምስት ካርድ ይወጣዋል። ቃሉ ከላይ፣ ሙሉው ዐረፍተ ነገር ከሥሩ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ማን ለማን የት እንደተናገረው ይጻፋል። «ሴት፣ ስድሳ ዓመት ገደማ፣ ለጎረቤቷ፣ ሰበታ ገበያ።» ስም አይጻፍም። ከዚያ ካርዱ በፊደል ተራ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል።

ሰበታ ላይ ሐጂ ሰዒድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ በርጩማ ሰጡኝ። ምን እንደምጽፍ ሲጠይቁኝ «ሰው የሚለውን ሁሉ» አልኳቸው።

«ታዲያ መቼ ሊያልቅልሽ ነው?» አሉኝ።

ለአቶ መኩሪያ ስነግራቸው ሳቁና «ትክክል ናቸው፣ አያልቅም» አሉ።

በሁለት ዓመት ውስጥ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሳጥኖች ሞሉ። በእነሱም መሠረት የመጀመሪያው መጽሐፍ ቃላት ተመረጡ። ዐረፍተ ነገሮቹን የጻፈው ግን ከላይ የተሠየመ ኮሚቴ ነው። መጽሐፉ ታትሞ ለሙከራ ወደ ሱሉልታ ተላከ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ሽማግሌ ተማሪዎቹ ከትምህርቱ መቅረት ጀመሩ። መምህሩ «አዝመራ ደርሶባቸው ነው» ብሎ ጻፈልን። አዝመራው ተሰበሰበ፤ እነሱ ግን አልተመለሱም። ኮሚቴው የእርጅና ስንፍና ነው አለ። አቶ መኩሪያ ግን «ሄደሽ ጠይቂያቸው» አሉኝ።

ከቀሩት አንዱ ኦቦ ጉርሜሳ ናቸው። በአገሩ ሰው ሁሉ ለሽምግልና የሚጠራቸው፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አጣርተው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በረታቸው አጠገብ ድርቆሽ ሲከምሩ አገኘኋቸው።

«አከም ቡልተን፣ ኦቦ ጉርሜሳ» አልኳቸው፤ «እንዴት አደሩ፣ አቶ ጉርሜሳ» ማለት ነው። «ለምን ቀሩ?»

የያዙትን ድርቆሽ ክምሩ ላይ ጣሉ። «መምህሩ ጥሩ ልጅ ነው» አሉ። «አንቱ ነው የሚለኝ። መጽሐፉ ነው የሚሰድበኝ።»

«ምን ብሎ?»

«አንብብ፣ ጻፍ፣ ድገም፣ ይላል። በይ እንጂ ልጄ፣ መጽሐፉ የተወለደው ትናንት ነው። በየትኛው ዕድሜው ነው እኔን አንተ የሚለኝ?»

ሳቄን ለመዋጥ ሞከርኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ፊታቸውን ሳይ አፈርኩ።

አቶ መኩሪያ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። «የአንድ ሰው ቅሬታ ለኮሚቴው አይበቃም። ካርዶቹን እናውጣ» አሉ። ከሦስቱም ሳጥን ትእዛዝ ያለበትን ካርድ ሁሉ ለቅመን ወለሉ ላይ ደረደርን። «ና» በአንድ በኩል፣ «ይምጡ» በሌላ በኩል። «ስጥ» እዚህ፣ «ይስጡ» እዚያ። ከዚያ ግርጌውን እያየን ተናጋሪውንና ሰሚውን በዕድሜ ለየን። ታናሽ ለታላቁ «አንተ» ያለበት ካርድ ከጥቂት የጠብ ንግግር በቀር አልተገኘም። የቡራዩው ሳጥን ደግሞ ከሁሉም የጠራ ነበር። አቶ መኩሪያ ደስ አላቸው፤ ኮሚቴውን ለማነጋገር የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ያዙ።

እኔ ግን ደስታቸውን መካፈል አልቻልኩም። የቡራዩው ሳጥን ለምን እንደጠራ አውቃለሁ። ቡራዩ ላይ ሰው በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል። ወሬው ሲፈጥንብኝ ቢሮ ተመልሼ በጥሩ አማርኛ አስተካክዬ ጻፍኩት። ለጆሮዬ ሻካራ የመሰለኝን «አንተ»ም «እርስዎ» እያደረግሁ አልፌ ነበር። ያን ጊዜ ለተናጋሪዎቹ ክብር የጨመርኩላቸው መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ገብቼ ነገርኳቸው። አቶ መኩሪያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንቶቹን ነው የነካሻቸው?»

«አላስታውስም። የትኞቹ እንደሆኑም መለየት አልችልም።»

«እንግዲያው ሁሉም ይወጣሉ።»

ሳጥኑን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ዕቃ ቤት ወሰዱት። የስምንት ወር ሥራዬ ነበር። የሥራ ስንብት ደብዳቤ ይዘው የሚመለሱ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱና «ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቡራዩ እንሄዳለን። ኦሮምኛውን እንደተነገረው ጻፊ፤ የማይገባሽን ሰው እንጠይቃለን» አሉ።

ዐሥር ቀን አብረውኝ ቡራዩ ገበያ ዳር ተቀመጡ። የክፍል ሹም ሆነው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ጉልበታቸው ላይ ካርድ ይዘው። የሰማነው ከመጀመሪያው ይልቅ የተደበላለቀ ነበር። እኩዮች እርስ በርሳቸው «አንተ» ይባባላሉ፤ ማንም ቅር አይለውም። ያደገ ልጇን፣ ካህን ስለሆነ፣ «አንቱ» የምትል እናት አገኘን። አንድ ወጣት ሽማግሌውን «አከም ቡልተን» ብሎ በኦሮምኛ አክብሮ ሰላም ካለ በኋላ በአማርኛ ሲቀጥል አክብሮቱን አይጥልም፤ «ይቀመጡ እንጂ» ይላል። ቋንቋ ሲቀየር ሰውየው ከክብሩ ዝቅ አይልም ማለት ነው። ይህ በእኔ የተስተካከለ አማርኛ ውስጥ ጨርሶ አይታይም ነበር።

ኮሚቴው ፊት አቶ መኩሪያ ከኋላቸው አስቀመጡኝ። ሰብሳቢው መጽሐፉን በጣታቸው እየመቱ «አቶ መኩሪያ፣ እኛ ፈጣሪንም አንተ ነው የምንለው። ገበሬው ከፈጣሪ ይበልጣል?» አሉ።

«እውነት ነው ጌታዬ። ጸሎት ላይ የሰበሰብናቸው ካርዶችም እንደዚያው ይላሉ፤ ይኸው አሉ። ግን ሱሉልታ ላይ የቀሩብን ሰዎች ጸሎት ጠልተው አይደለም የቀሩት።»

ቀጥለውም ማንም ሳይጠይቃቸው «በአንደኛው ከተማ ስንሰበስብ ተሳስተን ነበር። የተሳሳትነውን ጥለን እንደገና ሰብስበናል። የሚያዩት አዲሱን ነው፤ እዚህም ታናሽ ታላቁን አንተ አይልም» አሉ። ስሜን አላነሡም። «ተሳስተን» ነው ያሉት።

ሰብሳቢው ካርዶቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ኦሮምኛ ያለባቸው ላይ ሲደርሱ ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ግን አላስወጧቸውም። በመጨረሻ «አንቱታው ለዐዋቂዎቹ መጽሐፍ ብቻ ይሁን። የልጆቹን እንዳትነኩ» ብለው ፈረሙ።

ከታረመው መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ሱሉልታ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ጉርሜሳ በሰው ልመና መጥተው የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ገጹን ከዓይናቸው አራቁና ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው «ያ... ን... ብ... ቡ» አሉ። ቃሉን በጣታቸው ደግመው ተከተሉት። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር አለፉ፤ ገጹንም ጨረሱት። ከቀሩት አብዛኞቹ በዚያው ወር ተመለሱ። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልመጡም፤ ምክንያታቸውን ሳላውቀው ቀረሁ።

እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳጥን ሞልቻለሁ፤ ብዙ ካርድ ጸሐፊም አሠልጥኛለሁ። አቶ መኩሪያን የሚያህል አለቃ ግን አልገጠመኝም።

ወጣት ባልደረቦቼ፣ ከሰው አፍ የሰማችሁትን ስትመዘግቡ ያበላሻችሁትን ከእናንተ በቀር የሚያውቀው የለም። ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ ካርዱን ጣሉ፤ ተመልሳችሁ ስሙ።